ቡፕ የማን ናት?

ባለፈው ሰርግ ላይ አንድ ጓደኛዬ «ያጋጠመኝን ልንገራችሁ» ብሎ ጀመረ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱን «መልስ ስጠኝ» ቢለው፣ ረዳቱ «ጥያቄው ምንድነው?» አለው አሉ። ጠረጴዛውን የከበበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ችግሩ፣ ይህ ነገር ያጋጠመው እኔን ነው። ለእሱም የነገርኩት እኔው ነኝ። ጥርሴን ነክሼ አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ልክሰሰው?

ሄለን ኬን ብትሆን ትከሰው ነበር።

ኬን በ1920ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ኒው ዮርክን ያሳበደች ዘፋኝ ናት። እንደ ሕፃን እየተሞላቀቀች ትዘፍንና መሐል ላይ «ቡፕ-ኡፕ-አ-ዱፕ» ትላለች። ትርጉም የለውም። ሰዉ ግን ሞተላት።

1930 ላይ የማክስ ፍላይሸር የካርቱን ፊልም ስቱዲዮ ቤቲ ቡፕ የምትባል የካርቱን ገጸ ባሕርይ አመጣ። ዓይኗ ትልልቅ፣ ጸጉሯ ቁርጥ ያለ፣ አፏን ስትከፍት ያው «ቡፕ»። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ውሻ ነበረች። ኋላ ሙሉ በሙሉ ሰው ስትሆን የተንጠለጠሉት የውሻ ጆሮዎቿ ክብ ጉትቻ ሆኑላት። ዘሩን የሚደብቅ ሰው ሞልቷል፤ ጆሮው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ግን ከእሷ ሌላ አላውቅም።

ኬን «መልኬንም ድምፄንም ወሰዱብኝ» ብላ 1932 ላይ ፍላይሸርንና የፊልም ኩባንያውን ፓራማውንትን ከሰሰች። የጠየቀችው ካሳ 250,000 ዶላር ነው። ጉዳዩ 1934 ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰማ። እስቲ ችሎቱን አስቡት። ካባ የለበሰ ዳኛ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ቡፕ» የማን እንደሆነች ይመረምራል። ጸሐፊው ደግሞ «ዱፕ» በስንት ፊደል እንደሚጻፍ ይጨነቃል።

ለቤቲ ድምፅ የሰጡት ሴቶችም ለምስክርነት ቀረቡ። አንዷ ሜ ክዌስቴል ናት። ይቺ ልጅ በወጣትነቷ «ሄለን ኬንን ማን ይመስላል?» የሚል ውድድር አሸንፋለች! የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት አሜሪካ አልደረሰም መሰለኝ።

ኬን ልታሸንፍ ነው ሲባል ተከሳሾቹ ሉ ቦልተን የሚባል ሰው አመጡ። የአርቲስቶች ሥራ አስኪያጅ ነው። ቤቲን ተዉት፤ ኬን ራሷ ከየት አመጣችው? አለ በዘወርዋራ። እሱ የሚያሠራት ቤቢ አስቴር የምትባል ጥቁር ሕፃን ነበረች፤ ከቺካጎ የመጣች። 1928 ላይ በአንድ የምሽት ክበብ እንዲህ ዓይነት ትርጉም የለሽ ድምፅ እያሰማች ስትዘፍን ኬን ቁጭ ብላ አይታታለች አለ። የልጅቷ የድምፅ ፊልምም ለችሎቱ ታየ።

ዳኛው ከሳሿ በቂ ማስረጃ አላቀረበችም ብሎ ክሱን ዘጋው። ኬን ባዶ እጇን ወጣች። ፍላይሸር ቤቲውን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። አስቴርስ? ስሟ ሲነሳ ሲወድቅ የዋለችው ልጅ ችሎቱ ውስጥ አልነበረችም። ካሳ የጠየቀላትም የለም።

ለነገሩ ያቺን የታክሲ ወሬ እኔም የሰማኋት ከጸጉር አስተካካዬ ነው። እሱ ሰርጉ ላይ አልተጠራም።