የቀሚሱን ዋጋ ለምን እንደብቃለን?

እስኪ ፍረዱኝ። የሀበሻ ቀሚስ ለምትሸጥ ሴት ከፎቶው ስር የሚገባውን ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ቀሚስ ምሽቱን ሙሉ ተጨነቅሁ፦ «ሽሮ ሜዳ የተሸመነ፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ፣ ቁመቱ 140 ሳንቲ ሜትር፣ የሚታጠበው በእጅ ብቻ»፤ ከነዋጋው። ጠዋት ስከፍተው ሁሉም ተሰርዟል። በምትኩ «ዋው! እንዳያመልጥዎ! ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል።

ከዚያማ «ስንት ነው?» «ስንት ነው?» «እህት፣ ስንት ነው?» እስከ እኩለ ሌሊት ስመልስ የማመሸው ደግሞ እኔው! ግማሾቹ መልስ ሳይደርሳቸው ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ።

ቴሌግራም ከፎቶ ስር ቢያንስ 1,024 ፊደል ይፈቅዳል፣ ኢንስታግራም 2,200። ቦታ አልጠበበንም! ኢንስታግራም ላይ ሰው ሳይነካው የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱንም «ውድ ደንበኞቻችን እንደምን አላችሁ» እያልን እንጨርሰዋለን። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ክር በክር ያስገባውን ጥለት በ«ዋው» ማለፍ ያንገበግበኛል።

ዛሬም አዲስ ቀሚስ መጥቷል። ዋጋውን የመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌ ልኬላታለሁ።