ይድረስ ለክቡር የነዳጅ ጌጅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ውሸት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ፉል ባስሞላሁ ቀን የሚያሳዩኝን ፍቅር አልረሳም። ከአያት ፒያሳ ደርሼ ስመለስ ንቅንቅ አይሉም። በማግስቱም እዚያው ነዎት። «ይቺ መኪና ቤንዚን አታውቅም» እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ግን ምን እንደሚነካዎ እንጃ፣ ቁልቁል ይንደረደራሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ሳምንት ይቆያል፤ ሁለተኛው ሁለት ቀን አይሞላም። ከደሞዜ ጋር ሳትዛመዱ አትቀሩም።

መካኒኬ ጉድዎን አወጣው። ለካ እርስዎ ራስዎ ምንም አያዩም! ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንከሩ ውስጥ፣ ክንድ ላይ የታሰረች ተንሳፋፊ አለች፤ እሷ የነገረችዎትን ነው የሚያወሩት። ታንከሩ ጢም ሲል ጣሪያው ጋ ተለጥፋ ትቀራለች፤ ጥቂት ሊትር ካልጎደለ አትወርድም። ታንከሩም ቢሆን እንደ በርሜል ቀጥ ያለ አይደለም። እዚህ ይሰፋል፣ እዚያ ይጠብባል። ዳገት ላይ ሳቆም ደግሞ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይተኛል። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ሩብ ያሉኝ፣ ደልዳላው መንገድ ላይ ስደርስ ግማሽ የሚሉኝ ለዚህ ነው።

አጠገብዎ ተቀምጠው «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይቀርሃል» የሚሉት ዘመድዎስ? እሳቸው መኪናዋ በቅርቡ የበላችውን ነዳጅ አይተው ነው የነገውን የሚተነብዩት። ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ 60 የነበረው 85 ሆነ። ጠብታ የጨመረልኝ ግን የለም። መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ጎማው ሳይንቀሳቀስ 6 ኪሎ ሜትር ቀነሱብኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

የማክሰኞውን ግን ይቅር አልልም። ሩብ አሉኝ። ዘመድዎ 40 ኪሎ ሜትር አሉ። የሪዘርቭ መብራቷም ዝም አለች። መኪናዋ ዳገቱ መሃል ሁለቴ አስነጠሰችና ቀጥ! ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይለቀዋል፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ምነው እዚህ አደሩ?» ይለኛል። ጀሪካን ተውሼ ማደያ ሮጥኩ።

«በጀሪካን አንቀዳም። መኪናውን ይዘህ ና» አለኝ ቀጂው።

«መኪናው እኮ ነዳጅ የለውም!»

«ነዳጅ ከሌለው ለምን አነሳኸው?»

ምን ልበለው? ጌጁ አለኝ ልበል? ሦስት ጎረምሶች ገፍተው አደረሱልኝ። የሰጠኋቸው ብር ከቀዳሁት ቤንዚን አይተናነስም።

በኋላ ሲፈታ፣ ተንሳፋፊዋ ክንዷ ተይዞ ሩብ ላይ ደርቃ ተገኘች። መብራቷም ወሬ የምትቀበለው ከእሷው ኖሯል። መካኒኩ በዚያው ተቆጣኝ። የነዳጅ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው ቤንዚኑ ውስጥ ተነክሮ ነው፣ አታድርቀው አለ። ለእኔ ሳይሆን ለእርስዎ መንገር ነበረበት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከዛሬ ጀምሮ ጌጥ ነዎት። ባስሞላሁ ቁጥር ትሪፑን፣ የጉዞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ ዜሮ አደርጋለሁ፤ የተቀዳውን ሊትርና የሄድኩትን ኪሎ ሜትር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። 300 ላይ ስደርስ፣ እርስዎ ግማሽ ቢሉም ሰልፍ እይዛለሁ።

አክባሪዎ፣
ከማደያው ሰልፍ፣ ከፊቴ 14 መኪና ቀርቶ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ስጽፍ ሙሉ እያሉኝ ነው። አላስሞላሁም።