አሜሪካ ያልገባት የካናዳ አልበም

ስለ ካናዳው የሮክ ባንድ ስለ ዘ ትራጂካሊ ሂፕ (ባጭሩ ሂፕ) በተወራ ቁጥር የማትቀር ጥያቄ አለች። «አገራቸው ላይ እንደዚያ የነገሡ ልጆች አሜሪካ ላይ ለምን አልሆነላቸውም?» ጋዜጠኛው ይጠይቃታል። የሙዚቃ ሃያሲው ይጠይቃታል። ካናዳውያን ራሳቸው ቢራ ቀመስ ሲያደርጉ ይጠይቋታል። መልሱም የታወቀ ነው። ዘፈናቸው ከመጠን በላይ የካናዳ ነው፣ የውጭ ሰው አይገባውም ይባላል።

መልሱ ልክ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን አይዋጥልኝም። ጎረቤት አገር ስላልተሸጠ ጎዶሎ የሚባል ሥራ አለ እንዴ? በጥቅምት 1992 የወጣው «ፉሊ ኮምፕሊትሊ» የተባለው አልበማቸው ካናዳ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሽጦ የዳይመንድ ማዕረግ አግኝቷል። (ቀኑም ወሩም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) አልበሙ ሲወጣ የአገሩ ሕዝብ 28 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሒሳቡን ለእናንተው ልተወው።

አሜሪካንም ሳይሞክሯት አልቀሩም። በመጋቢት 1995 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን አስቂኝ ፕሮግራም ላይ ቀርበው ተጫውተዋል። ያስተዋወቃቸው ተዋናዩ ዳን አይክሮይድ ነበር፤ እሱም ካናዳዊ፣ የለየለት የሂፕ አድናቂ። ሁለት ዘፈን ተጫወቱ። አሜሪካ አጨበጨበችና ወደ ጉዳይዋ ተመለሰች። ከልባቸው የወደዷቸው በተለይ እንደ ቡፋሎና ዲትሮይት ያሉ የድንበር ከተሞች ናቸው። እዚያም ቢሆን አዳራሹን ከሚሞሉት ብዙዎቹ ድንበር ተሻግረው የመጡ ካናዳውያን ነበሩ።

ልጆቹ የኪንግስተን ናቸው። ኪንግስተን በቶሮንቶና በሞንትሪያል መሃል፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ያለች፣ በዩኒቨርሲቲዋና በእስር ቤቷ የምትታወቅ ከተማ ነች። ባንዱ የተመሠረተው በ1984 ነው። ድምፃዊው ጎርድ ዳውኒ፣ ጊታሪስቶቹ ሮብ ቤከርና ፖል ላንግልዋ፣ ቤዝ የሚመታው ጎርድ ሲንክሌር፣ ድራም ላይ ጆኒ ፌይ። ከ1986 ጀምሮ ዳውኒ እስኪሞት ድረስ ከአምስቱ አንድም ሰው አልተቀየረም። የባንድ ጠብ ለለመደ ሰው ይሄ ብቻውን ተአምር ነው። በዚህ አልበም ላይ የሁሉም ዘፈኖች ደራሲ ተብሎ የተጻፈው የባንዱ ስም ነው፤ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» የሚል የለም።

አልበሙን የቀዱት ለንደን ሄደው ነው። ፕሮዲውሰሩ ክሪስ ሳንጋሪዲስ ይባላል፤ ከጁዳስ ፕሪስትና ከቲን ሊዚ ጋር የሠራ፣ የከባድ ሮክ ሰው። ስለዚህ ድምፁ ወፍራም ነው። እውነት ለመናገር ድራሙ ላይ የጨመረው ማስተጋቢያ ዛሬ ሲሰማ ትንሽ ያረጀ ይመስላል። ጊታሮቹ ግን አላረጁም። «ኮሬጅ» ሲጀምር ሁለቱ ጊታሮች የሚነጋገሩበትን ቦታ የሰማ ሰው ቀሪውን ሳይሰማ አይነሳም።

የአድናቂዎቹን ፍቅር ለመረዳት ግን ከድምፁ ይልቅ ግጥሙን ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል። «ፊፍቲ ሚሽን ካፕ»ን (የሃምሳ ተልዕኮ ኮፍያ ማለት ነው) እንውሰድ።

ዘፈኑ የሚያወራው ስለ ቢል ባሪልኮ ነው። ባሪልኮ ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የተባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን ተከላካይ ነበር። የመጣው ከቲሚንስ ነው፤ ቲሚንስ የሰሜን ኦንታሪዮ የወርቅ ማዕድን ከተማ ነች። ሚያዝያ 1951፣ ስታንሊ ካፕ የተባለው የሆኪ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ተጋጣሚው ሞንትሪያል። ጨዋታው ጭማሪ ሰዓት ገባ። ባሪልኮ ጎሉን አገባ፣ ዋንጫው የቶሮንቶ ሆነ። አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ ነሐሴ ላይ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ጋር በትንሽ አውሮፕላን ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ሰሜን ኩቤክ በረረ። ሲመለሱ ጠፉ። ዕድሜው 24 ነበር። ሊፍስ ከዚያ በኋላ ዋንጫ ማንሳት አቃታቸው፤ እስከ 1962 ድረስ። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ከነአስከሬኖቹ ጫካ ውስጥ የተገኘው በዚያው በ1962 ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያገኘ ሌላ ዘፋኝ እንባውን ያዘንበው ነበር። ዳውኒ እንደ ዜና ያነበዋል። ያችኑ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ይላታል፣ መልሶ ይላታል። ከዚያ ተራኪው ታሪኩን ከየት እንዳገኘው ይናገራል። ሰርቆት ነው፤ ልጆች ከሚሰበስቡት የሆኪ ካርድ ላይ። ካርዱን የደበቀው ኮፍያው ሥር ነው። ኮፍያው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ጊዜ በረው የተመለሱ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎች የሚያደርጉት፣ ከብዛት የተጨማደደ ዓይነት ነው። የተራኪው ኮፍያ ግን በጦርነት አልተጨማደደም። ራሱ አሽቶ አሽቶ ነው ያንን ያስመሰለው።

ይሄ ነው እኔን የሚገርመኝ። ስታዲየም ሙሉ ሰው እጁን ወደ ላይ አድርጎ ስለ ብሔራዊ ጀግና የሚዘምር ይመስላል። ዘፈኑ የሚነግረው ግን ሌላ ነው፤ ጀግንነትን ከካርድ ላይ ሰርቆ፣ ያልዋለበትን ጦርነት ኮፍያ ደፍቶ ስለሚዞር ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት ነብይ መሆን አያስፈልግም። እጁን ያነሳው ሁሉ ነው።

«ዊት ኪንግስ» (የስንዴ ነገሥታት) ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የሚጀምረው በአንዲት የሐይቅ ወፍ ጩኸት ነው፤ ካናዳውያን የአንድ ዶላር ሳንቲማቸው ላይ ያተሟት ሉን የምትባለዋ ናት። ቀጥሎ ለስለስ ያለ አኩስቲክ ጊታር ይገባል። ሰው ሁሉ እሳት ዳር የሚዘፈን የካምፕ ዘፈን አድርጎታል፣ በእርግጥም ለዚያ ይመቻል። ታሪኩ ግን የዴቪድ ሚልጋርድ ነው። በ1969 በሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር፣ ሳስካቱን ከተማ ውስጥ አንዲት የነርስ ረዳት ተገደለች። ያኔ ሚልጋርድ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። በከተማው በኩል ሲያልፍ የነበረ፣ ፀጉሩን ያሳደገ ተንከራታች ወጣት። ያዙት። በ1970 ዕድሜ ልክ ፈረዱበት። 23 ዓመት ታሰረ። እናቱ ጆይስ እነዚያን ዓመታት ሁሉ በር ስታንኳኳ ኖረች፤ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛ፣ ሚኒስትር አልቀራትም። በሚያዝያ 1992 ተፈታ።

አልበሙ የወጣው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ያኔ ሚልጋርድ ከእስር ወጣ እንጂ ንጹሕ መሆኑ አልተመሰከረለትም ነበር። የዲኤንኤ ምርመራ ነፃ ያወጣው በ1997 ነው። እውነተኛው ገዳይ የተፈረደበትም፣ የሳስካቸዋን መንግሥት 10 ሚሊዮን ዶላር ካሳ የከፈለውም በ1999 ነው። ሂፕ ግን ዲኤንኤውን አልጠበቁም። በዘፈኑ ውስጥ ዜናው በካናዳ ብሔራዊ ማሠራጫ በሲቢሲ ይመጣል። ግድግዳው ላይ የድሮ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ፎቶ ተደርድሯል። የከተማው ሰው ልጁን ያሰረው ማን እንደሆነ መጠየቅ አይፈልግም፤ ነገ እንደ ትላንት ይቀጥላል። በስንዴው እርሻ መሃል፣ በዚያ ሁሉ ጨዋነት ውስጥ፣ ሰው በሕይወቱ ተቀብሯል።

እዚህ ላይ ነው ከብዙ አድናቂዎች ጋር የምለያየው። ሂፕን «የካናዳ ባንድ» ሲሉ ባንዲራ የሚያውለበልብ ባንድ ማለታቸው ነው። ሐምሌ አንድ፣ በካናዳ ቀን፣ ከበርገርና ከርችት ጋር የሚሄድ። ፊታቸው ላይ የሜፕል ቅጠል ቀብተው «ዊት ኪንግስ»ን ሲዘፍኑ አይቻለሁ። እኔ የምሰማው አልበም ግን የቤት ገበና የሚያወጣ አልበም ነው። «ሉኪንግ ፎር ኤ ፕሌስ ቱ ሃፕን» ላይ ፈረንሳዊው አሳሽ ዣክ ካርቲየ እንደ እንግዳ ተቀባይነት ያገኛል፣ ኮቱ ተቀብለውት አልጋ ላይ ይቀመጥለታል። ቤቱ የማን እንደነበረና እንግዳው መቼ እንደሚሄድ ግን ሁላችንም እናውቃለን። «ሎክድ ኢን ዘ ትራንክ ኦፍ ኤ ካር» የሚተረከው በገዳይ አፍ ነው። ፍቅር የምትለዋ ነገር በአልበሙ ውስጥ ብዙም ቦታ የላትም።

ለአማርኛ አንባቢ ይሄ እንግዳ አይሆንበትም። አዝማሪ ቤት ገብቶ ግጥሙ ለእሱ ሲወረወር የሳቀ ሰው፣ ፍቅርና ስድብ በአንድ ስንኝ ሊመጡ እንደሚችሉ ያውቃል። ከጎኑ የተቀመጠው እንግዳ ለምን እንደተሳቀ ባይገባው አዝማሪው አቁሞ አያብራራለትም። ሂፕም አላብራሩም። ባሪልኮ ማን እንደሆነ፣ ሚልጋርድ ምን እንዳደረጉት፣ መቶኛው ሜሪዲያን የተባለው የኬንትሮስ መስመር የት እንደሚያልፍ የግርጌ ማስታወሻ አልጻፉም። የተወደዱት በዚህ ነው። አድማጫቸውን እንደ ቤተሰብ ቆጠሩት፣ እንደ ቤተሰብም ወቀሱት።

እኛ ካናዳ መጥተን የኖርን ሰዎች ደግሞ የአገሩን ታሪክ የምንማረው ለዜግነት ፈተና ነው። የክፍላተ ሀገሩን ዋና ከተሞች እንሸመድዳለን። የመጀመሪያውን ጠቅላይ ሚኒስትር ስም፣ የባቡር ሐዲዱን፣ የዘውዱን ነገር። ሚልጋርድን የጠየቀኝ የለም። የሥራ ባልደረባዬ ነው በሌሊት ፈረቃ ይህን አልበም እየከፈተ ያስለመደኝ፤ እሱ የከፈተውን ዘፈን ይዤ ቤት ስገባ ታሪኩን እየፈለግኩ አነብ ነበር። ስለ ካናዳ ፍርድ ቤት መጀመሪያ የተረዳሁት ነገር ሊሳሳት እንደሚችል ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ቡና እየጠጣን ይህን ሳወራ ጓደኞቼ «አንተ ደግሞ የፈረንጅ ጩኸት ወደድክ» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ከዚያ 2016 መጣ። ዳውኒ የአንጎል ካንሰር እንዳለበት ግንቦት ላይ ተነገረ። የማይድን ነበር። ባንዱ የመጨረሻ ጉዞ ወጣ፣ ነሐሴ 20 ኪንግስተን ላይ፣ ባንዱ በተመሠረተበት ከተማ፣ ደመደሙት። ሲቢሲ የሪዮ ኦሊምፒክ ስርጭቱን አቋርጦ ያለ ማስታወቂያ በቀጥታ አስተላለፈው። 11.7 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ከሦስት ካናዳውያን አንዱ ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ዳውኒም ከመድረክ ስማቸውን ጠርቶ በሰሜን ስላሉት ነባር ሕዝቦች አነሳ። ዕድሜያችንን ሙሉ እነሱን እንዳናያቸው ተደርገን ነው ያደግነው አለ። በራሱ መሰናበቻ ላይ እንኳ ገበናውን አልተወም።

የዚያን ምሽት የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች ከዚህ አልበም ነበሩ። «ፊፍቲ ሚሽን ካፕ»፣ «ኮሬጅ»፣ «ዊት ኪንግስ»፣ «አት ዘ ሃንድረድዝ ሜሪዲያን»። በመጨረሻው ላይ ዳውኒ ስለ ራሱ ቀብር ይቀልዳል። ምን እንዳያደርጉበት ያዛል፣ የቀብሩን ዜማ አሜሪካዊው ጊታሪስት ራይ ኩደር እንዲያዜምለት ይጠይቃል። ሲጽፈው የ28 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ያንን ስንኝ 52 ዓመት ሆኖት፣ ሞቱን እያወቀ፣ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ አድርጎና የሚያብለጨልጭ ሱፍ ለብሶ ዘፈነው። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ አልበሙን መተቸት ነውር እየሆነ መጥቷል። እኔ አልቀበለውም። ከ12ቱ ዘፈኖች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ «ዘ ዌርዊዝኦል» እና «ኤልዶራዶ»፣ ባይኖሩ አይቆጨኝም። ከ«ዊት ኪንግስ» በኋላ ምን ሊባል ይችላል? በ2015 አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ይዘው ለጉዞ ሲወጡ እንኳ ሁለቱ ዘፈኖች ላይ ሕዝቡ ወደ ቢራ መሸጫው ይሄድ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። አድናቂ የሆኑ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ይንጨረጨራሉ።

መስማት ለሚፈልግ ሰው አድናቂዎቹ የሚመክሩት ከ«ኮሬጅ» እንዲጀምር ነው፤ መጀመሪያው ላይ ስላለና ቶሎ ስለሚይዝ። እኔ ከዘጠነኛው ጀምሩ እላለሁ። ዘጠነኛው ባሪልኮ ነው፣ አሥረኛው ሚልጋርድ። ሁለቱን ሰምታችሁ አልያዛችሁ ከሆነ ሌላው አይይዛችሁም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ።