የቆሎ መምህር

ድሮ የሚዞረው ተማሪው ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየመንደሩ ውሻ እየጮኸበት፣ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ፣ ድጓ ፍለጋ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ዙር አምባ ይሄዳል። መምህሩ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ኋላ ቀር አሠራር ነበር። ምስጋና ለዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርታችን ይሁንና ይህ ተስተካክሏል። አሁን ተማሪው ይቀመጣል፣ መምህሩ ይዞራል።

እኔም ከዞሪዎቹ አንዱ ነኝ። በአኮፋዳ ፋንታ ላፕቶፕ ይዣለሁ። ጠዋት ሲኤምሲ፣ ከሰዓት ሜክሲኮ፣ ማታ ሳሪስ። የማስተምርባቸውን ተቋማት ስም አልጠራም። ገና ያልከፈሉኝ አሉ።

የኮንትራት መምህር ቀጠራ ምን ያህል ጥበብ እንዳለበት የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ጥሪው ዓርብ ማታ ይመጣል። ትምህርቱ ሰኞ ይጀምራል። አንዳንዴ ደግሞ ባለፈው ሰኞ ጀምሯል።

«ዶክተሬ! ጠፋህ እኮ! አንዲት ኮርስ ነበረች፣ ካንተ በቀር ማንም አይሆንላትም።»

ሲተረጎም፣ የያዛት ሰው ጥሎ ሄዷል ማለት ነው።

ዶክተር አይደለሁም። ያለኝ ማስተርስ ነው። ይህን ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ በየሴሚስተሩ እነግረዋለሁ፤ እሱም በየሴሚስተሩ «ያው ነው» ይለኛል። ያው የማይሆነው የክፍያ ፎርም ስሞላ ነው። እዚያ ስደርስ ማዕረጌ ይገፈፍና በማስተርስ ሒሳብ እጻፋለሁ። ስልክ ላይ ዶክተር፣ ፋይናንስ ላይ ማስተርስ። በር ላይ ደግሞ «ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

መታወቂያ የለኝማ። ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው የሚሰጠው። ጥበቃው ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው፤ በየሳምንቱ እያየኝ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ተማሪዎቼ የነሱን መታወቂያ እያሳዩ በአጠገቤ ያልፋሉ። አንድ ቀን የክፍሉ ተወካይ አዝኖልኝ «የኛ ቲቸር ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ አስገባኝ። ተማሪ ለመምህሩ ዋስ የሚሆንበት ሥርዓት ሌላ የት አለ?

ቢሮም የለኝም፤ ካፌ ግን አለ። ተማሪ ውጤቱን ሊጠይቀኝ ሲፈልግ እዚያ ያገኘኛል። ማኪያቶው በእኔ ሒሳብ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄ ይበዛል። ማርከር ግን በፊርማ ይሰጠኛል። ስመልስም እፈርማለሁ። የደረቀ ማርከር በፊርማ ተረክቤ የደረቀ ማርከር በፊርማ አስረክቤያለሁ። በዚህ ተቋም ጠፍቶ የማያውቅ ንብረት እሱ ነው።

«ኮርሷ ምንድን ናት?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። እስካሁን ግን ግሎባል ትሬንድስ አስተምሬያለሁ፣ ኢንክሉሲቭነስ አስተምሬያለሁ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ አስተምሬያለሁ። ጂኦግራፊ ብቻ ቀርቶኛል። «አይዞህ፣ ስላይድ እልክልሃለሁ» ይለኛል ኃላፊው። ስላይዱ ሲመጣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሌላ ኮሌጅ ስም አለ። እሱን አጥፍቼ የኛን እጽፋለሁ። ከእኔ በፊት የነበረውም እንደዚያው አድርጎ ኖሯል፤ አንድ ገጽ ላይ ሳያየው የቀረ የሦስተኛ ኮሌጅ አርማ አለ። የፊደል ስህተቱ ሳይቀር ከመምህር ወደ መምህር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ማን ነው የትምህርት ትውፊት ተቋረጠ የሚለው?

ክሪቲካል ቲንኪንግ ያስተማርኩ ጊዜ ውሉን የፈረምኩት በ14ኛው ሳምንት ነው። ክፍል ውስጥ «ማስረጃ ሳታዩ ምንም ነገር አትቀበሉ» እያልኩ ሦስት ወር በቃል ብቻ ሠራሁ። ኢንትርፕረነርሺፕ ላይ ደግሞ ስለ ሪስክ ሳስረዳ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ገቢው የማይታወቅ፣ ወጪው በየቀኑ የሆነ፣ ታክሲውንና ኢንተርኔቱን ከኪሱ የሚከፍል ሰው ፊታቸው ቆሟል።

የሥርዓቱ ቁንጮ ግን ብሎክ ኮርስ ነው። ሒሳቡን ላሳያችሁ። 3 ክሬዲት ሰዓት በ16 ሳምንት ሲባዛ 48 ሰዓት ይሆናል። 48 ሰዓት በቀን 8 ሰዓት ቢሰጥ 6 ቀን ነው። ሰዓቱ ያው ነው፣ ማን ይከራከራል? ስለዚህ አንድ መምህር እሑድ ክፍለ ሀገር ይገባል፣ ሰኞ ምዕራፍ አንድን ይጀምራል፣ ቅዳሜ ፋይናል ይፈትናል። ረቡዕ ከሰዓት ተማሪው አፉን ከፍቶ ያዛጋል፣ መምህሩ ድምፁ ተዘግቶ በምልክት ያስተምራል። እግዚአብሔርም ዓለምን በስድስት ቀን ነው የፈጠረው። በሰባተኛው ቀን ግን አርፏል፤ የኛ ሰው በሰባተኛው ቀን ሃምሳ የፈተና ወረቀት ታቅፎ አውቶቡስ ላይ ነው።

እንዴት እዚህ ደረስን? በ1980ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፣ አዲስ አበባና ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ)። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የግል ኮሌጁን ቁጥር ታክሲ ላይ ሆናችሁ በመስኮት ቁጠሩት። ሕንፃ በኮንትራት ይሠራል፤ መምህርስ ከሕንፃ በምን ይበልጣል? ደግሞ ዞሪው ሁሉ እንደኔ ቤት አልባ አይደለም። ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቋሚ መምህራን ናቸው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደመወዝ አልበቃንም ብለው ሥራ አቁመው ነበር። ጠዋት ቋሚ የሆኑበት ደመወዝ ስለማይበቃ ማታ ኮንትራት ይሆናሉ። ማታ ትተውት የሄዱት ቦታ እንዳይጎድል የእነሱም ዩኒቨርሲቲ ኮንትራት ይቀጥራል። አንዳንዴ መንገድ ላይ እንተላለፋለን።

ስለ ውጤት አሰጣጥም ጥቂት ላመስግን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተማሪው መምህሩን ይገመግማል። ውጤት የቆጠበ መምህር ግምገማው ዝቅ ይላል፣ ግምገማው ዝቅ ያለ መምህር ዓርብ ማታ አይደወልለትም። ማንም ማንንም አላዘዘም። ኤ ብቻ በዛ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና የሚባል ነገር መጣ። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከመቶ 62 ገደማ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት ከመቶ 17 ገደማ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የኛ ነው ብዬ አልኩራራም፤ ያን ያህል ክፍል ውስጥ አልቆየንም። ግን ያስተማራቸው የት አለ ተብሎ ሲፈለግ ውበቱ ታየ። ተማሪው መውጫ ፈተና ሳይደርስ መምህሩ ወጥቷል።

አሁን ወደ ክፍያ። ክፍያ የሚጠየቀው ግሬድ ከገባ በኋላ ነው። እሺ። ግሬድ ሲገባ ሬጅስትራር ያረጋግጣል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ዲኑ ያጸድቃል፣ ፋይናንስ ይመረምራል። ኃላፊው ሲገኝ ዲኑ ስብሰባ ላይ ነው። ዲኑ ሲገኝ ማኅተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ወጥታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰኔ 30 ይደርሳል፣ በጀት ይዘጋል። ሰኔ ላይ የለፋሁበት ሐምሌ ላይ «ያለፈው ዓመት ሒሳብ» ተብሎ ታሪክ ይሆናል። ልጆቹን ለማስተማር አራት ወር ፈጀብኝ፤ ማስተማሬን ለማስረዳት ይኸው ዓመቴ።

አኮፋዳዬን ይዤ ፋይናንስ መስኮት ላይ እቆማለሁ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረኝ። የጥንቱ ተማሪ ቢያንስ ቁራሽ አያጣም ነበር።

«እህቴ፣ የኢንትርፕረነርሺፑ ተከፍሏል?»

«ገና ነው መምህር። ውልዎን አላገኘነውም። ኮፒ ይኖርዎታል?»

ኮፒ አለኝ። አምስተኛ ኮፒ ሰጥቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ፤ «ዶክተሬ! ጠፋህ እኮ!» ዓርብ መሆኑን ረስቼው ነበር። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ከሜክሲኮ የሳሪስ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሲል ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ፈገግ ብሎ አንገቱን ሰበር አደረገልኝ። የዛሬ ዓመት ኢንትርፕረነርሺፕ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ረዳቱ እጄን ገፋ አደረገው።

«ያንተ ተከፍሏል፣ ጋሼ።»