ቤዝ ጊታር፦ ይገዛ ወይስ ይገጣጠም?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው። ለራሱ የሚስማማ ቤዝ የሚፈልግ ሰው አካሉን፣ አንገቱን፣ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) እና ብሪጁን (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበትን) ለየብቻ ገዝቶ ቢገጣጥም ይሻለዋል ወይስ ተሠርቶ ያለቀውን ቢገዛ? ይገጣጠም የሚለው አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ የሚጫወት ቤዚስት ነው። ይገዛ የሚለው እዚያው ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ነው። ይተዋወቃሉ።

ቤዚስቱ

የምፈልገው ቤዝ ሱቅ ውስጥ የለም። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ነገር ፍሬት (አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚለየው የብረት ዘንግ) የሌለው እፈልጋለሁ። ትዝታ ወይም አንቺሆዬ ስንጫወት ድምፃዊው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ይሄዳል። ማሲንቆውም ይከተለዋል። እኔ ብቻ በፍሬት ታጥሬ ደረጃ በደረጃ እወርዳለሁ። ሁለተኛ፣ ለእጄ የሚመቸኝ የፌንደር ፋብሪካ ጃዝ ቤዝ የሚለው ሞዴል አንገት ነው። ነቱ ጋ፣ ማለትም አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በሚያርፉበት ቁራጭ ጋ፣ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ፒክአፑ የሌላው የፌንደር ሞዴል፣ የፕሪሲዥን ይሁን፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለው፣ ለሁለት የተከፈለው። የምንጫወትባቸው ቤቶች የመብራት መስመራቸው ጤና የለውም። የጃዝ ቤዝ አንዱን ፒክአፕ ብቻ ስከፍት እዝዝ ይልብኛል፤ የፕሪሲዥኑ ግን ጸጥ ያለ ነው። አካሉም ቀላል ይሁን፤ ቆሜ ነው የማመሸው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ቤዝ እዚህ ከተማ የሚሸጥ ካለ ይጠቁመኝ።

መገጣጠም ደግሞ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። የፌንደር መሥራች ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ አንገቱን በሙጫ አላጣበቀውም፤ በብሎን ነው ያሰረው። አንገቱ ሲያረጅ ተፈትቶ ሌላ እንዲገባ ታስቦበት ነው። ዛሬ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ያለው ዋርሞዝ የሚባል ድርጅት ከፌንደር ፈቃድ አግኝቶ አካልና አንገት ለየብቻ ይሸጣል። የእንጨቱን ዓይነት፣ የአንገቱን ውፍረት፣ ፍሬት ይኑረው አይኑረው ራስህ መርጠህ ታዛለህ። ተለክቶ እንደማሰፋት ማለት ነው።

ገንዘቡም በአንዴ አይወጣም። መጀመሪያ አንገቱን አስመጣለሁ። ቀጥሎ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ፒክአፑን ሻንጣው ውስጥ ሸጎጥ አድርጎ ያመጣልኛል። ከዚያ ብሪጁ። ሲሟላ ቁጭ ብዬ እገጥመዋለሁ። አራት ብሎን ማጥበቅ ማንም ይችላል።

ጠጋኙ

ወንድሜ፣ "አራት ብሎን ማጥበቅ ማንም ይችላል" ብለሃል። እኔም ከዚሁ ልጀምር።

ብሎኑ የሚገባው አንገቱ ውስጥ፣ ሜፕል ውስጥ ነው። ሜፕል ደግሞ ጠንካራ እንጨት ነው። ቀዳዳው ከጠበበ ብሎኑ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ያኔ ሰው ካቻቪቴውን በሁለት እጁ ይዞ ይጫነዋል። ጠቅ ይላል። የብሎኑ አናት ተቆርጦ በእጁ ይቀራል፤ ሌላው አካሉ አንገቱ ውስጥ ተቀብሯል። ጥርሱን ሳሙና ወይም ሻማ ቀባ አድርጎት ቢሆን፣ ቀዳዳውንም በትራፓኖ በልኩ በስቶት ቢሆን ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። የተቀበረውን ብሎን ዙሪያውን እየቦረቦርኩ የማወጣው፣ ጉድጓዱንም በእንጨት ደፍኜ እንደገና የምበሳው እኔ ነኝ። ማንም አይደለም።

ይህ እንግዲህ ማሰሩ ብቻ ነው። የአንገቱ ግርጌ 63.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አካሉ ላይ ያለው ኪስም በዚያው ልክ መሆን አለበት። ከሁለት ቦታ ስትገዛ ግን አንዱ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከሰፋ አንገቱ ይወዛወዛል። ከጠበበ ሰው ብርጭቆ ወረቀት ያነሳና ይፈገፍጋል፤ መቼ እንደሚያቆም አያውቅም። ቅርብ ጊዜ አንድ ልጅ ራሱ የገጣጠመውን ቤዝ ይዞልኝ መጣ። ሲያዩት ያምራል፣ ቀለሙ ያበራል። ብሪጁ ግን ትንሽ ወደ ጎን ሸሽቷል። ወፍራሙ ክር ከአንገቱ ጠርዝ ላይ ሊወርድ ደርሷል፤ ቀጭኑ ክር ጋ ደግሞ ጣት የሚያክል ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ልጁ ሲጫወት ወፍራሙ ክር እየተንሸራተተ ከሰሌዳው (ጣት ከሚጫንበት የአንገቱ ፊት) ይወርዳል። እሱ ጥፋቱ የእጁ መስሎት ነበር።

ሒሳቡንም እንየው። ያልተቀባ አካልና አንገት ከዋርሞዝ ብታዝ የሁለቱ ዋጋ ብቻ ደህና አዲስ ስኳየር ቤዝ (የፌንደር ርካሽ ምርት) ይገዛልሃል። ፒክአፕ፣ ብሪጅ፣ መቃኛ፣ ፖት (የድምፅ መቆጣጠሪያው)፣ ገመድና ቀለም ስትጨምርበት ሜክሲኮ የተሠራ ፌንደር ዋጋ ላይ ትደርሳለህ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ ደግሞ "አንድ በአንድ እገዛለሁ" ማለት የኋለኛውን ዕቃ ከፊተኛው በተወደደ ዶላር መግዛት ነው። መሸጥ ቢያምርህስ? የተገጣጠመ ቤዝ ዕቃዎቹ ተደምረው ያወጡትን አያወጣም። ገዢ አንገቱ ላይ ያለውን ስም ነው የሚያየው።

ከፋብሪካ የወጣ ቤዝ አልቆ የወጣ ነው። አንስተህ ትጫወታለህ።

ቤዚስቱ

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን "አልቆ የወጣ ነው" የሚለውን ከእርስዎ አልጠበቅኩም።

እርስዎ ጋ ግድግዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ቤዞች ከየት የመጡ ናቸው? አብዛኞቹ ከፋብሪካ ናቸው። አዲስ ቤዝ ከካርቶን ስናወጣ ነቱ ከፍ ብሎ ይመጣል። የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ክሩን ስንጫነው ጣት ያማል፤ ድምፁም ከፍ ይልና ከባንዱ ጋር አይገጥምም። አንገቱ በጋው ሲያልፍና ክረምት ሲገባ ይጎብጣል ወይም ይቀናል። አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት፣ ትረስ ሮዱን፣ ሩብ ዙር ማዞር ያስፈልገዋል። ፍሬቱ ጫፍ ጫፉ እጅ ይቧጭራል። ይህን ሁሉ የሚያስተካክሉት እርስዎ ነዎት። ታዲያ አለቀ የሚባለው የቱ ላይ ነው?

"ስም ያለው ይሻላል" ላሉት እንግሊዛዊውን ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተንን ይመልከቱ። ብላኪ የሚባለው ጊታሩ ከሦስት የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታሮች ምርጥ ምርጡ ተውጣጥቶ የተገጣጠመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር ተሸጧል። የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ዓለምን ያናወጠበትን ጊታር በ50 ዶላር አካልና በ80 ዶላር አንገት ነው የገጠመው። ፋብሪካዎቹ በኋላ እነዚህን ጊታሮች አስመስለው መሥራት ጀመሩ። ተጫዋች በገጠመው ላይ ተመርኩዘው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም። ብሎን ይቆረጣል፣ ብሪጅ ይሸሻል እያሉ ወጣቱን ማስፈራራት ለምን አስፈለገ? ሰው ቢማር የሚጎዳው ማን ነው?

ጠጋኙ

የሚጎዳው ማን ነው ብለህ ጠየቅህ። ገበያዬን ፈርቼ የጻፍኩ አስመሰልከኝ። እዚህ ሙያ ውስጥ ከነማስተማሬ ነው የኖርኩት። አጠገቤ ቁጭ ብሎ መበየድ ተምሮ የራሱን ቤት የከፈተ አለ። ሳሙናና ሻማውንም በነፃ ነው የነገርኩህ። ይህን አትርሳ።

ወደ ነገሩ ልመለስ። 959,500 ዶላሩ የወጣው ለክላፕተን እጅ ነው፣ ለመገጣጠም አይደለም። ገንዘቡም የሄደው አንቲጓ ውስጥ ላቋቋመው የሱስ ማገገሚያ ነው። አንተ ነገ ቤዝህን ስትሸጥ ማን ጨረታ ያወጣልሃል? ይህን ጥያቄ አልመለስከውም። ቫን ሄለንም ጊታር እንጂ ቤዝ አልገጠመም። የቤዝ አራት ክር ተቃኝቶ ሲወጠር አንገቱን የሚስበው ወደ 80 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው። ያን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚያው አራት ብሎኖች ናቸው፤ "ማንም ይችላል" ያልካቸው።

አንተ የመረጥከው ደግሞ ፍሬት የሌለው ነው። ከሁሉ የከፋውን መረጥክ። ፍሬት ያለው ቤዝ ላይ ነቱ ከልክ በላይ ዝቅ ቢል እንኳ ስህተቱ ትንሽ ይሸፈናል፤ ባዶውን ክር ስትመታ ብቻ ነው የሚሰማው። ፍሬት የሌለው ላይ ግን ክሩ ነቱ ጋ ከሰሌዳው ጋር ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው ነው መቆም ያለበት። ሞረዱን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አልክ እንበል። አየኸው፣ ገና ነው። አንዴ ደገምክ። አለቀ፤ ክሩ እንጨቱ ላይ ተኛ። ያ ነት ተጣለ፣ ሌላ ነት ከአሜሪካ ሻንጣ ይጠብቃል። የምታዘው አንገት ያልተቀባ ሜፕል ከሆነም ሳይቀባ እንዳትጫወትበት። ዋርሞዝ ራሱ ያልተቀባ ሜፕል አንገት ቢጣመም ዋስትና አይሰጥህም።

ሊዮ ፌንደርን ስትጠራም አንድ ነገር ዘለልክ። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ነበር። ቤዙን የሠራው ጠጋኝ ነው። ተጫዋች መጫወቱን ይያዝ።

ቤዚስቱ

"ተጫዋች መጫወቱን ይያዝ።"

ጋሼ፣ ይህን አንብቤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ስለ ዋጋና ስለ ብሎን የምንከራከር መስሎኝ ነበር። ለካ ጥያቄው እጄ መሣሪያዬን እንዲነካ ይፈቀዳል ወይ የሚል ነው።

አገራችን ውስጥ አዝማሪ ማሲንቆውን ማን ጋ ይወስዳል? ቆዳው ሲላላ እሳት አጠገብ የሚያሞቀው ራሱ ነው። የፈረስ ጭራው ሲያልቅ ራሱ ይቀይራል። ብዙዎቹ ሳጥኑንም ራሳቸው ሠርተው፣ ራሳቸው ቆዳ ወጥረው ነው የሚጫወቱት። ክራር የሚደረድረውም እንደዚያው። ተጫዋች መሣሪያውን ቢከፍት ነውር የሆነው ጊታር አገር ከገባ ወዲህ ነው። ፋብሪካው ሩቅ ስለሆነ ፈራን፣ ፍርሃታችንንም ሙያ አልነው።

ሊዮ ፌንደርም ቢሆን ብቻውን አልሠራም። የሠራውን አካባቢው ላሉ ሙዚቀኞች እየሰጠ ያስሞክር፣ የሚሉትንም ሰምቶ ያስተካክል ነበር። ዝነኛው ቤዚስት ጃኮ ፓስቶሪየስም እ.ኤ.አ. የ1962ቱን ጃዝ ቤዝ ያለ ፍሬት ሲጫወት ክሩ ሰሌዳውን እንዳይበላበት ለጀልባ በተሠራ ኤፖክሲ፣ ደርቆ በሚጠነክር ቅብ፣ ሸፈነው። ያ የሚዘምረው ድምፅ እንዲያ ነው የመጣ። ተጫዋች ነበር። መጫወቱን ብቻ ቢይዝ ኖሮ ያንን ድምፅ አንሰማውም ነበር።

ሌላም አለ። መድረክ ላይ እያለሁ የጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ገመድ ከተበየደበት ቦታ ቢለቅ እርስዎ አጠገቤ የሉም። ሰው ፊቴ ቆሟል፣ ድምፃዊው ዞሮ ያየኛል። ከፍቼ የማላውቀውን ነገር ያኔ ልከፍተው ነው? ገመዱ ከየትኛው ፖት ተነስቶ የት እንደሚሄድ የማውቀው ራሴ ከበየድኩት ነው። ለዚህ ስል ብሩ ቢበልጥብኝም እከፍላለሁ።

ጠጋኙ

አዝማሪውን አታምጣብኝ። አዝማሪ ማሲንቆ መሥራት የተማረው ከአባቱ እጅ ነው፤ ዓመታት አይቶ፣ አበላሽቶ፣ ተቆጥቶበት። ካርቶን ሲመጣለት ቁጭ ብሎ አልጀመረም። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ያንንም ለመልመድ ዕድሜ ይፈጃል።

አትንካ አላልኩህም። ሳትለካ አትንካ ነው ያልኩህ። ይህን "አይፈቀድልህም" ብለህ ከተረጎምከው የራስህ ጉዳይ ነው። መበየዱን ተማር፤ እሱን አልከለክልህም። ገመድ ቢበላሽ ተነቅሎ ይበየዳል። የተቆረጠ እንጨት ግን አይመለስም። ልዩነቱ ይህ ነው። ስለ አራቱ ብሎንም እስካሁን አንድ ቃል አልመለስክልኝም።

ለማንኛውም ልታዝ ወስነሃል መሰለኝ። እንግዲያው አካሉንና አንገቱን ከአንድ ቦታ እዘዝ፤ ለየብቻ ቢመጡም ልካቸው እንዲገጥም። አንገቱን ተቀብቶ እንዲመጣ እዘዝ። ሲደርስህ ካቻቪቴ አታንሳ። መጀመሪያ ግርጌውንና ኪሱን ለካ። ቀጥሎ ከነቱ እስከ ብሪጁ 86.4 ሴንቲ ሜትር መሆኑን እይ፤ ብሪጁ ከዚያ ትንሽ ወደኋላ የሚሄድበት ቦታ ይኑረው፣ ካለበለዚያ ቅኝቱ በጭራሽ አይገጥምልህም። ከዚያ ብሪጁን ሳትበሳ ሁለቱን የዳር ክሮች ዘርጋና ከአንገቱ ሁለት ጠርዝ እኩል መራቃቸውን ተመልከት። አንዱም ካልገጠመ ብርጭቆ ወረቀት እንዳታነሳ። መልሰው። ካርቶኑን አትጣል። ነቱን እኔ ጋ ይዘህ ና።

ቤዚስቱ

ካርቶኑን አልጥልም። ብሪጁን ሳልበሳ ክሮቹን እዘረጋለሁ፤ ሳሙናውንም እቀባለሁ። አንገቱም ተቀብቶ ይመጣል።

ነቱን ግን እኔ ነኝ የምሞርደው። ሁለት ትርፍ ነት አዝዣለሁ።