ሚያዝያ 23 ቺካጎ ላይ ሥራ ነው

ባለፈው ሚያዝያ 23 ማለዳ ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ወንድምዬ፣ ዛሬ እኮ በዓል ነው፤ ሁላችንም ቤት ነን። አንተስ?» እኔ የሆቴሉን የደንብ ልብስ ለብሼ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። ዓለም የሚያከብረው የሠራተኞች ቀን መነሻው ቺካጎ ነው፤ ቺካጎ ግን ያን ዕለት ሥራ ትገባለች። አሜሪካኖች የሠራተኛ ቀናቸውን የሚያከብሩት በሴፕቴምበር ነው።

ከሥራ ስወጣ ዴስፕሌንስ ጎዳና ወዳለው ሐውልት ሄድኩ። ሐውልቱ ጋሪ ላይ ወጥተው የሚናገሩ ሰዎችን ያሳያል። በፈረንጆቹ 1886፣ ሜይ 4 ማታ፣ ፖሊስ አድማ የመቱ ሠራተኞችን መግደሉን ለመቃወም ሕዝብ እዚያ ተሰብስቦ ሳለ ቦምብ ተወረወረ። ወርዋሪው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያም ሆኖ ስምንት ሰዎች ተፈረደባቸው፤ አራቱ ተሰቀሉ። ከስምንቱ አምስቱ የጀርመን ተወላጆች ነበሩ።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ግን ከእነሱ በፊት የመጡትን ነው። የ1848ቱ የጀርመን አብዮት ሲከሽፍ ብዙዎች ተሰደዱ። የካርል ማርክስ ወዳጅ ዮሴፍ ቫይደማየር በ1851 ኒውዮርክ ገባ፤ አውጉስት ቪሊክም ተከተለ። ባርነትን «የአገሬው ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ብለው አላለፉትም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ሁለቱም ባሪያ አሳዳሪውን ደቡብ ለተዋጋው ሰሜን ዘመቱ። ቪሊክ ጀርመኖች የሞሉበትን 32ኛውን የኢንዲያና ሬጅመንት መራ፤ ኋላም ጄኔራል ሆነ። እኔ እንደማምነው፣ እነዚህ ስደተኞች የአሜሪካን ፖለቲካ ከሁሉ በላይ የነኩት በዚህ በኩል ነው፤ የደረሱበትን አገር ቁስል የራሳቸው ስላደረጉት።

በ1870ዎቹ የመጣው የሶሻሊስት ሌበር ፓርቲ ግን ስብሰባውም ጋዜጣውም በአብዛኛው በጀርመንኛ ነበር። የማርክስ የትግል ጓድ ኤንግልስ ራሱ «እንግሊዝኛ ልመዱ» እያለ ወቅሷቸዋል። ያኔ ቋንቋውን ደፍረው ከአየርላንዱና ከአገሬው ሠራተኛ ጋር አንድ አዳራሽ ገብተው ቢሆን ኖሮ፣ አሜሪካ ዛሬ ጠንካራ የሠራተኛ ፓርቲ ይኖራት ነበር ብዬ አስባለሁ።

የኛዎቹ የግራ ፖለቲከኞችም ውጭ አገር ሳሉ ፓርቲዎቻቸውን፣ መኢሶንን በፈረንጆቹ 1968 ሃምቡርግ፣ ኢሕአፓን በ1972 በርሊን መሠረቱ። ዓይናቸው ግን አገር ቤት ላይ ነበር። አልወቅሳቸውም፤ ተማሪዎች ነበሩ፣ ሊመለሱ ነው የሄዱት። እኛ ግን እዚሁ ወልደናል፣ ዜግነት ወስደናል፣ እንመርጣለን። እሑድ ቡና ላይ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ እስኪመሽ እንከራከራለን፤ ስለምንሠራበት ቤት ደመወዝ ግን አንድ ቃል አይወጣንም። ባለፈው ወር የሆቴሉ ሠራተኞች ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ ማስታወቂያው በአማርኛም ተለጥፎ ነበር። በእኛ ክፍል አሥራ አንድ ሐበሾች አለን። የመጣነው ሁለት ነን።