የሰፈር ፎቶ ፈቃድ አያስፈልገውም

ሰሞኑን አንድ ሹም ስብሰባ ላይ የተናገሩት አንጀቴን አሳርሮታል። ካሜራ አንግተው በየሰፈሩና በየባጃጁ የሚዞሩ ልጆች የባሕር ዳርን ገጽታ እያበላሹ ነው አሉ። ለጸጥታም ስለሚያሰጋ ፈቃድ ያምጡ፤ ካልሆነ ጣና ዳር ያንሱ አሉ።

የጸጥታው ምክንያት ጭራሽ ውሃ አያነሳም። በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በድሮን እየቀረጸ ለዓለም ያሳየው የመንግሥት ሚዲያ ነው። ድልድዩ ምስጢር ካልሆነ የሽንብጥ ሰፈር ጉልት ነው ምስጢር የሚሆነው? ይህ ሕዝብን መናቅ ነው።

ከተማዋ ሐይቅና ዘንባባ ብቻ አይደለችም። “ፔዳ! ፔዳ!” ተብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲጠራ ባጃጅ ውስጥ ግቡና ተጠጋጉ። ተማሪዋ ደብተሯን አቅፋለች። አጠገቧ ያሉት እናት ከቅዳሜ ገበያ የገዟትን ዶሮ እግሯን አስረው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ከሹፌሩ ፊት የጊዮርጊስ ሥዕል ተለጥፏል፤ የተቀደደው የጎን ሸራ በሲባጎ ተሰፍቷል። ይህን ያላነሳ ሰው ባሕር ዳርን አነሳሁ አይበል።

ደግሞ ሁሉም ያልፋል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። መምህሩም ነጋዴውም በብስክሌት ነበር የሚሄደው። ከዚያ ባጃጅ መጣና መንገዱን ወረሰው። የዚያን ዘመን ፎቶ አምጡ ብንባል ምን እናሳያለን? የጢስ ዓባይና የሠርግ ፎቶ በየቤቱ ሞልቷል። ኮርቻው ላይ መድረስ ያቃተው ልጅ በብረቱ መሐል እግሩን አሾልኮ የአባቱን ብስክሌት ሲነዳ ያነሳው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። ከዘጌ እንጨት ጭና የምትመጣው የደንገል ታንኳም ነገ ትቀራለች። የባጃጁም ተራ ይደርሳል። ያኔ ማንን ልንጠይቅ ነው?

የሰውን ፊት ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። የሚጠየቀው ግን ባለፊቱ ነው እንጂ ቢሮ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብንና መረጃን በሥነ ጥበብም ሆነ በሌላ መንገድ ማሰራጨት መብት ነው ይላል። ውሃ ያቆረው የሰፈር መንገድ ፎቶ ላይ ካሳፈረ፣ መንገዱ ይሠራ። ካሜራው አልቆፈረውም።

ሹሙ ይህን የተናገሩት በአደባባይ ነው፤ ቃላቸውን በአደባባይ ይሻሩት። ዝም ከተባለ ነገ እያንዳንዱ ተራ አስከባሪ ካሜራ ባየ ቁጥር “ፈቃድህስ?” ማለቱ አይቀርም።